በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሰራው ገጽ

ሼርፖይንት (ቢሮዎች ሰነድና ዝርዝር የሚጋሩበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ላይ የራስን ነገር ለመጨመር የሚያገለግለውን ሼርፖይንት ፍሬምወርክን መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቢሮአችን ጅማ ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች የቡና ሪፖርት የሚሰበስበው በሼርፖይንት ነው። ማን እንደላከ፣ ማን እንደቀረ ለማወቅ ግን በየወሩ ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ የምቆጥረው እኔ ነኝ። የቀሩትን በቀይ የሚያሳይ ትንሽ ዌብ ፓርት (ገጽ ላይ የሚገባ ቁራጭ) ልስራና ልገላገል ብዬ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ሳምንት ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ በሚያስሮጠው ፕሮግራም፣ በኖድ አለቀ። የያዝኩት የፍሬምወርኩ ስሪት 1.20 የሚፈልገው ኖድ 18ን ነው። እኔ ደግሞ አዲሱ ይሻላል ብዬ 22ን ጭኛለሁ። ቀይ ጽሑፍ በቀይ ጽሑፍ! የሚገርመው፣ 1.21 ብይዝ ኖሮ የሚፈለገው ራሱ 22 ነበር። ኤንቪኤም የሚባለውን መሣሪያ ጭኜ የኖድ ስሪት መቀያየር ስጀምር ነው ያረፍኩት። ከዚያ የኤንፒኤም ፓኬጆችን (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) ማውረድ መጣ። በሞባይል ዳታ የሞከረ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩም አብሮ። በመጨረሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ ጨረስኩት።

ሪአክት (የድረ ገጽ መስሪያ የኮድ ስብስብ) ትንሽ ስለምነካካ ኮዱ ያን ያህል አልከበደኝም። ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ታይፕስክሪፕት ግን እንደ ነዝናዛ አክስት ነው፤ ይጨቀጭቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልክ ነው። መሞከሪያው ገጽ፣ ዎርክቤንቹ ላይ የወረዳዎቹ ስም ሲደረደር፣ ሦስቱ ቀልተው ሳይ ብቻዬን ጮህኩ።

አሁን ወደ ውርደቴ። ፓኬጁን አፕ ካታሎግ (የቢሮው አፖች የሚጫኑበት ቦታ) ላይ ጫንኩ፣ ገጹ ላይ አስገባሁ፣ ሰራ። ኩራቴ! ለኃላፊያችን ሊንኩን ላክሁላቸው። «ልጄ፣ እኔ ጋ ስህተት ነው የሚለው» አሉኝ። ሮጬ ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ስህተት። ተመልሼ እኔ ጋ ስከፍተው ቁጭ ብሏል።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ኮዱ የሚሮጠው በእያንዳንዱ ሰው ብሮውዘር ውስጥ ነው። ኮዱን አንድ ላይ ሳስርም (ባንድል) ፓኬጅ ስሰራም ትእዛዙ ላይ «ሺፕ» የምትለዋን ቅጥያ ስለረሳሁ፣ ገጹ ኮዱን የሚፈልገው ከሎካልሆስት፣ በር ቁጥር 4321 ነበር። የእሳቸው ሎካልሆስት ማለት የእሳቸው ኮምፒውተር ነው፤ እዚያ ምንም የለም። እኔ ጋ የሰራው ኮዱን ከራሴ ኮምፒውተር የሚያቀርበውን «ገልፕ ሰርቭ» ስላልዘጋሁ ብቻ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ሰርቩን ዝጉና ገጹን ራሳችሁ ክፈቱት።

ትናንት ደግሞ ቀኑን አስተካከልኩ። የእኛ ሪፖርት የሚገባው ወር በገባ በ5 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ገጹ ግን በፈረንጅ ይጽፈው ነበር። ለካ ጃቫስክሪፕት ውስጥ የኢትዮጵያ ካላንደር አብሮ አለ፤ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ»፣ ቋንቋውን አማርኛ ስለው ጥቅምት ብሎ አወጣልኝ። ኃላፊያችን እሱን አይተው ነው የሳቁት፤ ቀዩን ገና አልጠየቁኝም።