«ይህችን ዓመት ብቻ ልሥራና እመጣለሁ»

ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤተሰብ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ሐይቅ ሂዱ፣ መርሳ ሂዱ፣ ኬሚሴ ሂዱ፤ አዲስ ቆርቆሮ ካያችሁ ከኋላው ሪያል አለ። እኛም ያው ነን። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በየዓመቱ «ይህችን ዓመት ብቻ ልሥራና እመጣለሁ» ትላለች። ደሴ ላይ ቤት መሥራት ነው ሐሳቧ፣ በመንገዱ በኩል ሱቅ ያለው።

ብሩ ግን ግንባታው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ዒድ ሲመጣ በግ፣ የአጎት ልጅ ሲያገባ መዋጮ፣ ጎረቤት ሲታመም የሐኪም ቤት። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ! ልጅ ዐረብ አገር እያለች «የለኝም» ቢሉስ ማን ያምናል?

እሷ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። በኢሞ የግንባታውን ፎቶ ስንልክላት አጉልታ ታየዋለች። «ይሄ ፌሮ ባለፈውም እዚሁ ጋ ነበር አይደል?» ትላለች። ምን ይመለሳል?

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ብዙ ሰው ተደስቶ ነበር። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ መቶ አለፈ፣ ሪያልም ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ ወጣ። በሐዋላ ለሚልኩት ግን ጥቁር ገበያው ድሮም ከባንክ በላይ ይከፍል ስለነበር ያን ያህል አልተጨመረላቸውም። ሲሚንቶ ሻጩ እንደሆነ በባንክ ላክሽ በሐዋላ ብሎ አይጠይቅም።

ደግሞ የመመለሻው ቀን ሁሌ በሰውየው እጅ አይደለም። በ2006 ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ስንቱ ፌስታል ብቻ ይዞ ገባ። ዓመታት የላከው ብር የት እንደገባ የሚነግረው እንኳ ያጣ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የቤተሰቡ ቀለብ ለብቻ ይላክ፣ የመመለሻው ደግሞ በራሷ ስም ባንክ ይግባ። በወንድም ስም አይደለም፣ በእኔም ስም ቢሆን አይሁን። አሁን እንዲህ አድርገናል። እማዬ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ሰሞኑን ግን ብድር ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ወላሂ ብሩ በስሟ ነው፣ እኔ ምን አዝዛለሁ?» እያለች ቡና አጠጥታ ትሸኛለች።