የአንዳይ ወንበሮች

እኔና እቴቴ አንዳይ የሄድነው ወንበር ለማየት ነው። ይህን በምኖርባት በፈረንሳይዋ ከተማ በቦርዶ ላሉት የሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። የቦርዶ ሰው አንዳይ የሚወርደው ለባሕሩ ነዋ! ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አሸዋ ተዘርግቶ ሳለ የወንበር ነገር የሚያነሳ ሰው ለእነርሱ ጤነኛ አይደለም። እቴቴ ግን ደብረ ታቦር ተወልዳ ያደገች፣ በልጅነቷ ዳዊት የደገመች፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአስተማሪነት የኖረች አክስቴ ናት። ለክረምቱ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ «እዚህ አገር በፊደላችን የተጻፈባቸው ወንበሮች ያሉበት ቤት አለ» ስላት ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

አንዳይ ፈረንሳይ የምታልቅባት ከተማ ናት። የፒረኔ ተራሮች ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዝቅ ዝቅ እያሉ የሚጠፉበት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ነዋሪዎቿ 17 ሺህ ገደማ ናቸው። አገሩ የባስኮች ስለሆነ የመንገድ ስሞች ሁሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፈዋል፤ በባስክኛ ስሟ ሄንዳያ ነው። ቢዳሶዋ የሚባለው ወንዝ በስተ ምዕራብ ይከባትና ባሕር ይገባል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ኢሩንና ሆንዳሪቢያ የስፔን ናቸው፤ ሰው ልብስ ሲያሰጣ እንኳ ከዚህ ማዶ ሆኖ ይታያል። ድንበርተኛ መሆን ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በ1793 (ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስፔን መድፍ ከማዶ እየተኮሰ ከተማዋን አውድሟታል። ስለዚህ ጥንታዊ ሰፈር እናያለን ብሎ የሚመጣ ሰው ያዝናል።

ከባቡር ስንወርድ እቴቴ ሐዲዱን አይታ «ለምን እዚህ ይቆማል? አገሩ ይቀጥል የለም እንዴ?» አለች። መልሱ ያለው በሐዲዱ ስፋት ላይ ነው። የፈረንሳይ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የስፔን ነባሩ ሐዲድ 1,668 ነው። መስመሩ ከተገናኘበት ከ1864 ጀምሮ መንገደኛ በዚህ ድንበር ላይ ባቡር ሲቀይር ኖሯል። ሂትለርና ፍራንኮ ጥቅምት 23 ቀን 1940 የተገናኙትም በዚሁ ጣቢያ ነው። የፍራንኮ ባቡር ዘግይቶ ደረሰ፤ ሂትለር ስፔንን ወደ ጦርነቱ ሊያስገባ በባቡሩ ውስጥ ለሰዓታት ተደራድሮ የፈለገውን ሳያገኝ ተመለሰ። እቴቴ ይህን ሰምታ የወደደችው የመዘግየቱን ነገር ነው።

ከጣቢያው ወደ ወንዙ ስንወርድ ሚጌል ዴ ኡናሙኖን አነሳሁላት። ስፔናዊው ደራሲና ፈላስፋ በጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ አገዛዝ ዘመን ከአገሩ ተሰዶ ፓሪስ ነበረ። ፓሪስ አልሆነችለትም፤ በ1925 አንዳይ መጥቶ እስከ 1930 ተቀመጠ። አገሩን በየቀኑ እያየ፣ ደወሏን እየሰማ፣ ሳይገባባት አምስት ዓመት። እኔ በስደት የሚኖር ሰው ሩቅ ቢሆን ይሻለዋል ባይ ነኝ። ቦርዶ ሆኜ ደብረ ታቦርን ማሰብ እችላለሁ፤ ማዶ ሆኜ ጭሷን እያየሁ የምችለው ግን አይመስለኝም። እቴቴ አልተስማማችም። «ማየት መልካም ነው፤ ያላየ ነው የሚረሳ» አለችኝ።

ወንዙ መካከል ላይ ፌዛን የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ 200 ሜትር፣ ስፋቷ 40 ሜትር ገደማ ነው። ዛፍና ሣር አለባት፣ አንድ የመታሰቢያ ሐውልት አለባት፣ ሰው ግን አይኖርባትም። ይህች ቁራሽ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ አገር ትቀይራለች፤ ከየካቲት መባቻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ የስፔን፣ ከነሐሴ እስከ ጥር መጨረሻ ደግሞ የፈረንሳይ ናት። ክብሯ ያለ ነገር አልመጣም። ማዛረን ለፈረንሳይ፣ ሉዊስ ዴ ሃሮ ለስፔን ሆነው የፒረኔን የሰላም ውል በ1659 የተፈራረሙት እዚህ ነው። በዓመቱ የስፔን ንጉሥ ልጁን ማሪያ ቴሬሳን ለሉዊ 14ኛ ያስረከባትም በዚችው ደሴት ሲሆን፣ የስፔንን ወገን ድንኳንና ምንጣፍ ያሰናዳው ታላቁ ሠዓሊ ቬላስኬዝ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1526 በስፔኖች እጅ የነበረው የፈረንሳይ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ሁለት ወንዶች ልጆቹን በመያዣነት ሰጥቶ በዚሁ ወንዝ ላይ ተለቋል። እቴቴ በዚህ አልተደነቀችም። «ልጅ መያዣ መስጠትማ በመሳፍንቱም ጊዜ ነበረ» ብላ አለፈችው። የደሴቲቱ ነገር ግን ሲያስቃት ዋለ። የሁለት ወንድማማቾች የእርሻ መሬት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ደም ይፈስበት ነበር ትላለች።

ወደ ቤቱ የሄድነው ከምሳ በኋላ ነው። አባዲያ የሚባለው ግንብ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ገደል አጠገብ ቆሟል። ያሠራው አንትዋን ዳባዲ በ1810 ደብሊን የተወለደ፣ አባቱ ባስክ እናቱ አየርላንዳዊት የሆነ ሊቅ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወርዶ በዘመነ መሳፍንት አገራችንን አሥር ዓመት ያህል ዞሯታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ጠባያቸው ለየቅል ነበር። አርኖ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ወድዶ ከጦር ጋር ይዘምታል፤ አንትዋን ደግሞ በየተራራው ላይ መሣሪያውን ተክሎ ማዕዘን ይለካል፣ ቋንቋ ይጽፋል፣ ብራና ይሰበስባል። በ1843 የእናርያው ንጉሥ አባ ባግቦ ከከፋ ሙሽራ ሲያስመጣ ከመልእክተኞቹ ጋር አብሮ ከፋ ድረስ ዘልቋል። የነጭ አባይ ምንጭ የጊቤ ውኃ ነው ብሎ ድርቅ በማለቱ ግን ተሳስቷል፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቤክ በዚህ ተናድዶ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሰጠውን የወርቅ ሜዳይ እስከ መመለስ ደርሷል። ዳባዲ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ዛሬም የቋንቋ ተመራማሪ የሚያገላብጠው ነው።

ግንቡ ከ1864 እስከ 1879 ተሠራ። ንድፉ የዝነኛው አርክቴክት የቪዮሌ ለ ዱክ ሲሆን የገነባውና ያስጌጠው ተማሪው ዱትዋ ነው። ከውጭ ሲያዩት የልጅ ህልም ይመስላል፤ በሩን አዞ ይጠብቀዋል፣ ግድግዳው ላይ እባብ ይሳባል፣ ዝሆንና ጦጣ ከድንጋይ ብቅ ብቅ ይላሉ። መግቢያው ላይ በአየርላንድ ቋንቋ «መቶ ሺህ ጊዜ እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተቀርጿል። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ሁሉ ጌጥ ይበዛበታል። ባለቤቱ ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው ነበረ፤ የትም ዞር ሲሉ በአንዱ ቋንቋ የተጻፈ ምክር ወይም ጸሎት ይጠብቃል።

ውስጥ ስንገባ ግን ዝም አልኩ። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ ሸማ የለበሱ ሰዎች፣ ጋሻና ጦር፣ የአገር ቤት ሰማይ። ደረጃው አጠገብ መብራት የያዘ የእንጨት ሐውልት ቆሟል፤ አብዱላህ የሚባል ኢትዮጵያዊ ወጣት ነው። እቴቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። አስጎብኚዋን ብጠይቃት ዳባዲ ያመጣው ልጅ መሆኑን ነግራኝ ወደሚቀጥለው ክፍል መራችን። «እናቱን ነው የጠየቅሁት» አለች እቴቴ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

ምግብ ቤቱ በገመድ ተከልሏል። ወንበሮቹ ገበታውን ከብበው ተደርድረዋል፤ በየጀርባቸው ላይ አንዳንድ የእኛ ፊደል ተጽፎባቸዋል። ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ሐሳቡም በዚህ ገበታ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን ነው። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ገመዱ ላይ ተደገፈችና እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ እየጠቆመች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ከፊሎቹ ወንበሮች ጀርባቸው ወደኛ ስላልነበረ ንባቡ ይቆራረጣል፤ እርሷም ትናደዳለች። ጎብኚዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። አስጎብኚዋ ለስንት ዓመት ትርጉሙን ስትናገር የኖረችውን ነገር ድምፁን ስትሰማው ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ይመስለኛል፤ «እንደገና ይሉልኛል?» ብላ እቴቴን ለመነቻት። እቴቴም የጎደሉትን ፊደሎች ዞራ ለማየት ገመዱን ካላለፍኩ አለች። አልተፈቀደላትም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጸሎቱ ነበር የምታወራው። «ይህን የተማረው እኛ ዘንድ ነው» አለችኝ። ማረጋገጫ የለኝም፤ ጥርጣሬዋ ግን መሠረት አለው። ዳባዲዎቹ አገር ቤት ባሉበት ዘመን፣ በ1842፣ ደጃዝማች ውቤ በእቴቴ ከተማ በደብረ ታቦር ራስ አሊን ድል አደረጉ። ድሉን በድንኳናቸው እያከበሩ ሳለ ግን የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። ያሸነፈው ታሰረ፣ የሸሸው ራስ ተመልሶ ገዛ። በዚያ አገር የኖረ ሰው ቤት ሲሠራ ገበታው ላይ ሌላ ምን ያጽፋል?

ሌላው የወደድኩት ነገር ቀዳዳው ነው። ዳባዲ የብርሃንን መሰበር ለማጥናት ከግንቡ እስከ ላ ሩን ተራራ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚያሳይ ቀዳዳ በየግድግዳው አስበሳ። ሙከራው አልሠራም። እርሱም አላፈረም፤ በባስክኛ «አላየሁም፣ አልተማርኩም» የሚል ጽሑፍ አስቀርጾ ተወው። ያልተጨረሰ ነገርም አለ። ዳባዲ በወጣትነቱ ወደ ብራዚል ሲጓዝ በመርከቡ ላይ ከአንድ ግዞተኛ መስፍን ጋር ተዋውቆ ነበር፤ ያ ግዞተኛ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ሆነ። የግንቡን የመጨረሻ ድንጋይ እንዲያኖርለት ለመነው። በ1870 ግን ናፖሊዮን ከዙፋኑ ወረደ፤ ድንጋዩም ሳይቀመጥ ቀረ። ለንጉሠ ነገሥቱ የተዘጋጀው መኝታ ቤትም እንግዳውን አላየም።

ኮከብ የሚታይበትን ክፍል ግን እቴቴ ናት የወደደችው። እዚያ ያለው መሣሪያ ክብን በ360 ሳይሆን በ400 ይከፍላል፤ ዳባዲ ሁሉን ነገር በአሥር በአሥር መቁጠር የሚወድ ሰው ነበረ። ልጅ ስላልነበረው ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አወረሰ። በ1897 ከሞተ በኋላ ቄሶች እዚሁ እየኖሩ እስከ 1975 ድረስ የከዋክብትን ቦታ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ቄስ ኮከብ ሲቆጥር እቴቴ ምንም አይገርማትም፤ «ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ነዋ» አለች። ዳባዲና ሚስቱ ቪርዢኒ በግንቡ የጸሎት ቤት ውስጥ ተቀብረዋል።

ወደ ከተማዋ ስንመለስ የብራናዎቹ ጉዳይ ተነሣ። ዳባዲ በ1859 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ 234 የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ዛሬ የሚገኙት ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። «ገዝቶ ነው ወይስ ዘርፎ?» አለችኝ። ገዝቶም ጸሐፊ ቀጥሮ አስገልብጦም መሆኑን፣ እንግሊዞች በ1868 መቅደላ ላይ እንዳደረጉት አለመሆኑን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «የሸጠው ሰውስ የማንን ነው የሸጠው?» አለች። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። በአንድ በኩል በጦርነትና በእሳት ሊጠፋ ይችል የነበረ መጽሐፍ ተርፏል። በሌላ በኩል ደግሞ ያ መጽሐፍ የሚነበብበት ደብር ባዶውን ቀርቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያካክሰውም።

በማግስቱ በእግራችን በድልድዩ ወደ ኢሩን ተሻገርን። ስንመለስ ተቆጣጣሪዎች ከእግረኛው ሁሉ መካከል እኛን ለይተው ፓስፖርት ጠየቁን። እቴቴ ቦርሳዋን ከፍታ ያለ ቅሬታ ሰጠች። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ቁጥጥር ምክንያት በድልድዩ ማለፍ ያልቻሉ አፍሪካውያን ወጣቶች ወንዙን በዋና ሊሻገሩ ሞክረው ሰጥመዋል፤ ውኃው ከዳር ሲያዩት የሚናቅ፣ የባሕሩ ሞገድ ሲመጣና ሲመለስ ግን የሚያታልል ነው። ሰው የማይኖርባትን ደሴት በስምምነት የሚቀያየሩ ሁለት አገሮች መካከል ያለ ወንዝ ነው ይህ። ለእቴቴ አልነገርኳትም ነበር፤ ወንዙ ዳር የተቀመጠ አበባ አይታ ራሷ ጠየቀችኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ከዳባዲ ብራናዎች ብዙዎቹ በፓሪሱ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ገጽ በገጽ እንደሚታዩ አስታወስኩና አንዱን በታብሌት ከፈትኩላት። ከዚያ ወዲህ ታብሌቱ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ጠዋት ከቡና በፊት ትከፍተዋለች፣ በጣቷ እያሰፋች ታነባለች፣ ምልክት የምታደርግበት ደብተርም ገዝታለች። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አንዱን ጸሐፊ እየተቆጣችው ነበር። መስመር ዘሏል ትላለች፣ ፊደሉም ተጣብቋል፤ «ለፈረንጅ ነው ብሎ ቸኮለ እንጂ ለደብሩ ቢሆን እንዲህ አይጽፍም ነበር።» ነገ ሁለተኛውን እንድከፍትላት አዝዛኛለች።