ሀይሉ፣ ኃይሉ፣ ሐይሉ

ወረዳ ላይ የጤና መድህን ሂሳብ አጣሪ ነበርኩ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ሥራውን የያዝኩት ቆይቶ ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ በነጻ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ያከመውን ቆጥሮ ሂሳቡን ይልክልናል። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለቴ ከተጻፈ ሁለቴ ከፈልን ማለት ነው።

መጀመሪያ ሌባ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን የጥርን ሂሳብ ስገልጥ «ሀይሉ» አሞክሳሲሊን ወስዷል። ስድስት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ «ኃይሉ» አለ። ያው የአባት ስም፣ ያው ቀን፣ ያው ብር። ካርድ ክፍል ደወልኩ። ልጅቷ ሳቀች። ጠዋት ካርዱ ቢጠፋ አዲስ አወጣችለት፣ ከሰዓት የድሮው ተገኘ፣ ሂሳብ ክፍል ከሁለቱም ገለበጠ። የሰረቀ የለም። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ናቸው።

ኤክሴል ላይ ለማጣሪያ ብቻ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ሐና ኀን ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መለስኩ። ድርብ ስም ጎረፈ። ደስ አለኝና ያገኘሁትን ሁሉ ከአባላት ዝርዝር ሰረዝኩ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ከሰረዝኳቸው አንዱ የታመመ ልጁን አዝሎ ሄዶ «አባል አይደለህም» ተብሎ ተመለሰ። ለካ ስማቸው የገጠመ የአጎት ልጆች ኖረዋል! ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ የመድህን ቁጥሩንና የእናት ስም ሳላይ እጄን አላነሳም።

የሞተውን ሰው ደግሞ ማንም መጥቶ አይነግረንም። የሚያውቀው የእድር ጸሐፊ ነው። በአባልነት እድሳት ሰሞን ዝርዝሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየጠጣን ስም እጠራለሁ፣ እሳቸው ደብተራቸውን ይገልጣሉ። «አርፏል። ይቺ ተድራ ሄዳለች። ይሄ እንኳ አለ፣ ትናንት ገበያ አይቼዋለሁ።»

አንዲት እናት ካረፉ ከአራት ወር በኋላ የደም ግፊት መድኃኒት ወስደዋል። ጸሐፊው ዝም አሉ።

«ማን እንደወሰደው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። አልነግርህም። አንተ ስሙን ሰርዝ፣ ሌላውን ለኔ ተወው።»

ሰረዝኩ። በማግስቱ የሟች እህት መዋጮዋን ይዛ ልትመዘገብ መጣች።