ዛንዚባርን ከመመለሻው ጀምሬ አቀድኩት

ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ዛንዚባር ልሄድ ነው። ስኩባ ልማር ነው የምሄደው። አየር በጀርባዬ ተሸክሜ ውሃ ውስጥ መግባት፣ የባሕር ኤሊን እዚያው ቤቷ ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። ሐሳቡን ሁለት ዓመት ይዤው ከረምኩ። አሁን ቲኬቱ ተቆርጧል።

አባዬ ባሕር ኃይል ነበር። ምጽዋ ላይ መካኒክ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እሱ ራሱ ጠላቂ አልነበረም፤ ጠላቂዎቹ ከመርከብ ሥር ገብተው ሲሠሩ አየር የሚሞላላቸውን ኮምፕሬሰር የሚጠግነው ግን እሱ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየም። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ባሕርን የማውቀው በእሱ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ፓኬጅ በአንድ የጉዞ ወኪል በኩል ነበር። ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ የስኩባ ኮርስ፣ ሁሉም ተጠቃሎ የገባበት ቆንጆ ፕሮግራም ነው። ደስ ብሎኝ ፕሪንት አድርጌ ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ጣቱን የመጨረሻው ቀን ላይ አሳረፈ። «ጠዋት 3 ሰዓት ሁለቴ ትጠልቂያለሽ። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ ነሽ። ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

እኔ ምንም ስህተት አልታየኝም ነበር።

ተነሥቶ ከፍሪጅ ሁለት አምቦ ውሃ አወጣ፤ ክዳናቸው የሚሽከረከረውን የፕላስቲኮቹን። አንዱን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ በአንዴ ከፈተው። አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ፕሮግራሜንም አራሰው። ሁለተኛውንም እንደዚያው ነቀነቀው፤ ክዳኑን ግን በጣም ቀስ ብሎ አላላው። ስስስ እያለ ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ሲከፍተው ጠብ ያለ ነገር የለም። «ያው ጋዝ ነው፣ ያው ውሃ ነው። ልዩነቱ ጊዜ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ ከባቢ አየር የሚያህል ግፊት ይጨመራል። 18 ሜትር ላይ የምትተነፍሱት አየር የባሕር ጠለል ላይ ካለው በሦስት እጥፍ ገደማ የታመቀ ነው። አየር ደግሞ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ሰውነት ናይትሮጅንን አይጠቀምበትም፤ ግፊቱ ሲበዛ ግን ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል፣ ልክ ጋዝ አምቦ ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟው። ቀስ ብላችሁ ከወጣችሁና በቂ ጊዜ ካገኘ በትንፋሽ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን እዚያው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ቆዳን ያሳክካል፤ ሲከፋ አከርካሪ ወይም አንጎል ላይ ደርሶ ሽባ ያደርጋል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ስለዚህ ከባሕር ወጥቶ ወዲያው መብረር የመጀመሪያውን ጠርሙስ እንደመክፈት ነው። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። የእኔ ፓኬጅ ከሁለተኛው ጥልቀት በኋላ የሰጠኝ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር ድንገት የታየኝ። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አምስተርዳም ወይም ዱባይ የሚመለስ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ባሕር ጠለል ላይ ይወርዳል፤ ግፊቱም ይመለስለታል። እኛ ቦሌ ስንወርድ በሩ ይከፈታል እንጂ ግፊቱ እምብዛም አይለወጥም። የምንኖረው አውሮፕላኑ ውስጥ ባለው ከፍታ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በተመለስኩ ማግስት ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ለመውጣት ተቀጣጥሬ ነበር፤ እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቀጠሮውን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገፋሁት።

ስለዚህ ፓኬጁን ትቼ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ፣ ከመመለሻው በረራ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ። ከበረራው በፊት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ውሃ የለም። ያን ቀን ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ ውስጥ ነኝ፤ ጠባብ ጠባብ መንገዶቹን፣ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች አያለሁ፣ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የሸንኮራ ጭማቂ እጠጣለሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ምነምባ ነኝ። ምነምባ ከዋናው ደሴት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ዙሪያዋን ኮራል ከብቧታል። ጀልባ ከዋናው ደሴት መንደሮች፣ ከኑንግዊም ከማተምዌም፣ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ኮርሱ አለ። ንድፈ ሐሳቡን ማታ ማታ እዚሁ ቤቴ በስልኬ እያጠናሁ ስለሆነ እዚያ አንድ ቀን ይተርፈኛል።

ወሩንም የመረጥኩት ጾሙን ብቻ አይቼ አይደለም። ከመጋቢት ወዲያ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናባቸው ይመጣል፤ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነው፤ ውሃው ሞቃት ነው። ዓሣ ነባሪ ማየት የሚፈልግ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሂድ።

በጣም ያስጨነቀኝ ጆሮዬ ነው። እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው እኔም ሳይነስ አለብኝ። የኮርሱ የጤና ፎርም ላይ ስለ ሳይነስ፣ ስለ አስም፣ ስለ ልብ ይጠየቃል። አንድ የማውቃት ልጅ «ዝም ብለሽ ሁሉንም አይደለም በይው» አለችኝ። አላደረግኩትም፤ እናንተም አታድርጉት። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጆሮዬን አየ፣ አፍንጫዬን አየ፣ ፈረመልኝ። ጉንፋን ከያዘኝ ግን እንዳልጠልቅ አስጠነቀቀኝ።

የኮርሱ የዋና ፈተና 200 ሜትር ያለ ዕረፍት መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፑል እሄዳለሁ። 25 ሜትር ነው፣ ስምንት ጊዜ። ዋናው አላስቸገረኝም። ሦስት ሜትር ወርጄ ወለሉን ልነካ ስል ግን ጆሮዬ ውስጥ መርፌ የገባ ነው የመሰለኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ማታ ለአባዬ ስነግረው ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «መቼ ነፋሽው?» ሲያመኝ እንደሆነ ነገርኩት። «አይ፣ እሱማ ረፍዷል። ሳያምሽ ነው። ራስሽ ውሃ ውስጥ እንደገባ አፍንጫሽን ያዢና ቀስ አድርገሽ ንፊ። በየክንዱ እንደገና። እምቢ ካለሽ ትንሽ ወደ ላይ ተመለሺ፤ አትታገዪው።» በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳለኝ አደረግኩ። ጆሮዬ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። መዳፌን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። አላመመኝም። እዚያው ትንሽ ቆየሁ።

ወረቀቶቹን ቶሎ ልንገራችሁ። የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አትተዉት። ዛንዚባር ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ ጎብኚዎች የራሷን ኢንሹራንስ ትጠይቃለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከዚያ ውጭ ለመጥለቅ ተብሎ የተዘጋጀ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ፤ አረፋው ይዞኝ በግፊት ክፍል፣ የአየሩ ግፊት ከፍ በሚደረግበት የሕክምና ክፍል፣ መታከም ቢያስፈልገኝ ወጪውን የሚሸፍነው እሱ ነው። የወባ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ እንደምትጠልቁ ለሐኪሙ ንገሩት። የሚያዞሩ አሉ፤ ለጠላቂ አይሆኑም።

ዕቃውን እዚያ እከራያለሁ። የራሴ የሆነው ማስኩ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር፣ ብቻ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አምጥታልኛለች። ማስክ የሚለካው ያለ ማሰሪያው ነው። ፊት ላይ ታስጠጉታላችሁ፣ በአፍንጫ አየር ትስባላችሁ፣ እጃችሁን ትለቃላችሁ። ካልወደቀ ልካችሁ ነው።

ሳሎን ቁጭ ብለን ሞከርኩት። አየር ስቤ እጄን ለቀቅኩ። አባዬ ተጠግቶ የላስቲኩን ዳር በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳበሰ፤ ከግንባሬ ጀምሮ፣ በጉንጬ ወርዶ፣ እስከ አፍንጫዬ ሥር። የመካኒክ ጣት ነው፣ ሻካራ። ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ይይዛል» አለ።