ከበረኝነት ወደ አሰልጣኝነት፦ ሚኒሶታ፣ በረዶ ላይ

ሚኒሶታ ያደገ ልጅ ከአይስ ሆኪ ማምለጥ ይከብደዋል። ብርዱ ሲጠና ሐይቁ ሁሉ ሜዳ ይሆናል። እኔም ሴንት ፖል ያደግኩ የሐበሻ ልጅ ነኝና በዚያው ገባሁበት። በረኛ መሆን ያስመኘኝ ግራንት ፉር ነው። ከካናዳው ቡድን ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር 5 ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን (የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ ትልቁን ዋንጫ) አንስቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. የሆኪ የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም እሱ ነው።

ኮሌጅ የተጫወትኩት በዲቪዥን ሦስት፣ ማለትም በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛ ደረጃ ነው። ወላጆች ይህን ብታውቁ ደስ ይለኛል፦ በዚህ ደረጃ ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም። እርዳታው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ይወሰናል። እናቴ «መጀመሪያ ደብተርህን» ስትለኝ የኖረችው እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ። ክፍያዬን ያቀለለልኝ ማርኬ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ነበርኩ። ተጠባባቂ በረኛ አግዳሚው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ተጫዋቾች ሲቀያየሩ በሩን የሚከፍተውም እሱ ነው። እኔ እዚያ ሆኜ የበረኛችንን እግር አያለሁ። ጎል ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያየው እጁን ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከምቱ በፊት ነው። ፓስ ሲሻገር ዘግይቶ ይነሳል፤ ምቱ ሲመጣ ገና እየተንሸራተተ ነው። ያየሁትን ደብተር ላይ እጽፍና ከጨዋታ በኋላ አብረን እናየው ነበር። አሰልጣኝነት የጀመርኩት ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተመረቅኩ በኋላ የዩኤስኤ ሆኪን (የአሜሪካ ሆኪ ማኅበርን) የደረጃ 1 የአሰልጣኝነት ኮርስና የልጆች ደህንነት ሥልጠና ወስጄ በሰፈር ክለብ ከትንንሾቹ ጀመርኩ። ዛሬ የኮሌጅ በረኞችን አሰለጥናለሁ።

ጎሉ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ቁመት አለው። ፓክ የሚባለው ጠፍጣፋ ጎማ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው። በረኛው ትንሽ ወደፊት ሲወጣ ለመቺው የሚታየው ክፍተት ይጠብባል። ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት አይቻልም። እኔ ገመድ እጠቀማለሁ። ከሁለቱ ቋሚዎች ሁለት ገመድ ስቤ ፓኩ ላይ አገናኛለሁ፤ ልጁ መሃል ይቆማል። አንድ እርምጃ ሲወጣ በግራና በቀኙ የቀረው ቦታ ሲያልቅ በዓይኑ ያያል። ከዚያ ቦታ እንቀያየራለን። እኔ ጎሉ ላይ እቆማለሁ፤ እሱ በሆዱ ተኝቶ ከፓኩ ከፍታ ያየኛል። ብዙዎቹ ነገሩ የሚገባቸው ያኔ ነው። ቆመው ሲያዩት ክፍት የመሰላቸው ላይኛው ጥግ ከታች ሲታይ ዝግ ነው።

ጎል ከገባ በኋላ ያለችውን ደቂቃም እናሰለጥናታለን። ከዋሽንግተን ካፒታልስ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. የስታንሊ ዋንጫን ያነሳው በረኛ ብሬደን ሆልትቢ ውሃ ወደ ላይ ረጭቶ አንዷን ጠብታ በዓይኑ ይከተል ነበር። ለልጆቼ ይህንኑ አሳያቸዋለሁ። «አይዞህ» ማለት ጥሩ ነው፤ ለዓይኑ ሥራ መስጠት ግን ይበልጣል።

ልጃችሁ በረኛ ልሁን ካለ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ውድ ነው፤ በየዓመቱም ይጠበዋል። ብዙ የሰፈር ክለቦች ለትንንሾች ያውሳሉና መጀመሪያ ጠይቁ። እስከዚያው መንሸራተት ይማር፤ በተለይ ወደ ጎን መገፋትና ቀጥ ብሎ መቆም።