በአንገት የሚተነፍስ ሰው እርጥበት ይፈልጋል

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኩታበር የወጣሁት እኔ በምሠራበት ክፍል ተኝተው የነበሩ አንድ አባት ለመጠየቅ ነበር። ጉሮሯቸውን የዘጋው እብጠት አየር ስለከለከላቸው፣ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የአየር ቧንቧቸውን ከፍተው ትራኪኦስቶሚ ሠርተውላቸዋል፤ አሁን የሚተነፍሱት እዚያ በገባው ቱቦ ነው። ስደርስ ልጃቸው በእግር በሚረገጥ የሳክሽን መሣሪያ አክታ እየሳበላቸው ነበር። «ሲስተር፣ በቀን ሃያ ጊዜ አደርግላቸዋለሁ፤ አሁንም ያፍናቸዋል» አለኝ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

አንገታቸው ላይ ያለው ቱቦ ድርብ ነው፤ እየወጣ የሚታጠበውን የውስጠኛውን ቱቦ ፈትቼ ሳወጣው፣ የተጋገረው አክታ እንደ ዛፍ ሙጫ ደርቆ ቀዳዳውን ከእኩሌታ በላይ ዘግቶታል። አክታ የሚስበው ቀጭን ላስቲክ፣ ካቴተሩ፣ በቀረችው ጠባብ መንገድ እያለፈ ቀጭኑን አክታ ብቻ ይዞ ይመለስ ነበር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ስናሰናብታቸው ሳክሽን አደራረጉን ደጋግመን አሳይተነው፣ ስለ እርጥበት ግን የነገርነው በጥድፊያ ነበር፤ ካስተማሩት አንዷም እኔ ነኝ።

አፍንጫ የምንስበውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያስቀራል። በቱቦ የሚተነፍስ ሰው ይህን ሁሉ ስለሚያጣ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የበጋው ደረቅ ብርድ በቀጥታ ሳንባው ይደርሳል፤ አክታውም ወፍሮ ቱቦው ላይ ይጋገራል። ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ ቢገኝ መልካም ነው። ካልተገኘ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የረጠበ፣ ክሩ የማይመዘዝ ስስ ጋውዝ ከቱቦው ፊት ላላ አድርጎ እንደ መጋረጃ ማንጠልጠልና ሲደርቅ መለወጥ ይቻላል። የውስጠኛው ቱቦ ቢያንስ በቀን 3 ጊዜ፣ አክታው ሲበዛም ከዚያ በላይ፣ ወጥቶ መታጠብ አለበት።

ሳክሽን የሚደረገው ሰዓት ተቆጥሮ ሳይሆን ምልክት ታይቶ ነው፤ ቱቦው ሲያንኮራኩር፣ ሕመምተኛው ሲቁነጠነጥ ወይም በደሙ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ። ካቴተሩ ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከግማሽ በላይ መወፈር የለበትም። ሲገባ አይስብም፤ የሚስበው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ይህም ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት፤ ምክንያቱም ከአክታው ጋር አየርም ይሳባል። ስለዚህ ልጁን «ስትጀምር የራስህንም ትንፋሽ ያዝ፤ አንተ አየር ሲያምርህ እርሳቸውንም አምሯቸዋል» አልኩት። አክታውን ለማቅጠን ተብሎ በየጊዜው ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ቱቦው ውስጥ በልማድ ማፍሰስን አልደግፈውም፤ ሳል ያስነሳል እንጂ የደረቀውን አያላቅቅም።

ይህን እያልን ሳለ ጎረቤቶች ለዱዓ ገቡ፤ ቡናው ቀረበ፣ እጣኑም ከፍም ላይ ወደቀ። በወሎ ሕመምተኛ ሲጠየቅ ይህ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ለመናገርም ከበደኝ። ጭሱ ግን በአፍንጫ ሳይጣራ ወደ ሳንባቸው ስለሚገባ ለባለቤታቸው «እማማ፣ ቡናውም ዱዓውም ይቀጥል፤ እጣኑ ብቻ ደጅ ይሁን» አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱ ማጨሻውን አንስተው ወጡ። ሲመለሱ ባላቸውን «አብሽሩ» ብለው ጋቢያቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አደረጉላቸው፤ ጋቢው ቱቦውን ሊሸፍነው ደርሶ እንደነበር እኔ እንኳ አላየሁም ነበር።

የታጠበውን ቱቦ መልሼ ስቆልፈው ሲተነፍሱ ይሰማ የነበረው ፉጨት የመሰለ ድምፅ ጠፋ። ማሰሪያውንም አንገታቸው ላይ አንድ ጣት ብቻ እስኪያስገባ አጠበቅሁት። ቱቦው በድንገት ቢወልቅ የሚተካው ትርፍ ቱቦና አንድ ቁጥር የሚያንሰው ሁለተኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ልጁ ሁለቱንም ከእነ ማሸጊያቸው በፌስታል አድርጎ ከአባቱ ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቀላቸው።