ቁጥር ተለዋወጥን

ወረፋ ላይ ሆኖ «ከፊቴ ግቢ» የሚል ሰው ደግ ይመስላል። እኔ ግን ትንሽ እጠራጠረዋለሁ። የሚሰጠው የራሱን ቦታ ብቻ አይደለማ። ከኋላው ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ እነሱን ደግሞ የጠየቃቸው የለም። በሰው ጊዜ ቸር መሆን ለማንም አይከብድም።

ይሄን ያሰብኩት ባለፈው ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ነገ» ስለው የከረመውን ጉዳይ ሁሉ ይዤ ወጥቻለሁ። የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ማሰፋት፣ ወረቀት ኮፒ ማስደረግ፣ ከዚያ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት። በሩ ላይ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ። የእኔ 47 ነበር። ሰሌዳው ላይ 43 በርቷል። ደርሶልኛል ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

አንዲት ወጣት እናት ገባች። ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ልጁ አያለቅስም፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው። ይሄኛው ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ዓይኑን በግማሽ ገልጦ ዝም ብሏል። ጉንጩ ቀልቷል። ቁጥር ቆረጠች። ሰሌዳውን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ እንደገና ሰሌዳውን። 68።

አፌ ላይ የመጣው ያው «ከፊቴ ግቢ» ነበር። ከዚያ ጎኔ የተቀመጡትን አዛውንት አየሁ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው 48ን ጨብጠው ይዘዋል። እሳቸውም ታመው ነው የመጡት። ተነሳሁ።

«እህቴ፣ ቁጥር እንለዋወጥ።»

«ምን?»

«የእኔ 47 ነው። ይሄን ያዢና ያንቺን ስጪኝ።»

«እርስዎስ?»

እርስዎ መባሌ ትንሽ ከንክኖኛል፤ ግን የዚያ ሰዓት ወሬ አልነበረም። «እኔ አልቸኩልም» አልኳት። አዛውንቱ ሁለታችንንም በጥርጣሬ ሲያዩ ቆይተው፣ ነገሩ ሲገባቸው «ጥሩ ነው፤ እኔን እስካልነካ ድረስ» አሉ። ልክ ናቸው። 48 አሁንም 48 ነው። መካከል ላይ ካሉት ማንም ቦታው አልተነካም። ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ብቻ ነኝ።

47 ተጠራ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ኪሎው ስንት ነው?» ብላ ነው። የልጅ ትኩሳት ማስታገሻ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በክብደት ጭምር ይለካል። እናትየው አላወቀችም። ሚዛን ላይ ወጣች፣ መጀመሪያ ከነልጁ፣ ቀጥሎ ብቻዋን። ልጁን እስክትመዘን ማን ያዘው? አዛውንቱ። «እኔን እስካልነካ» ያሉት ሰውዬ! ከዘራቸውን ለእኔ አቀብለው ልጁን ተቀበሉ። ፋርማሲስቷም የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ ልኬቱ በተጻፈበት መርፌ የለሽ ሲሪንጅ ስጪው ብላ እያሳየች አስረዳቻት።

ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ ያመሰገነችኝ ምስጋና ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም። አፈርኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ሰዎች ትኩስ ቸኮላታቸውን ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡ አድርገው ነበር። ሰጪዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት ሲገምቱ ዝቅ አድርገው ነው የገመቱት። ሰጪው የሚያየው ዕቃውን ነው። ተቀባዩ ግን ከዕቃው ጋር «ሰው አሰበልኝ» የሚለውንም ይቀበላል።

ከ47 ወደ 68 መውረድ ብዙ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ስለ ራሴ ደግነት ትንሽ ኩራት ቢጤ ሊሰማኝ ሲል ሌላ ጥናት መጥቶ አበላሸብኝ። በ1973 የወጣ ነው፤ የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን። የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር አድርጉ ብለው ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ያስላል፣ ያቃስታል። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱት። ትንሽ ከተቻኮሉት 45 በመቶው። ዘግይተሃል፣ ፍጠን ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊሰብኩ እየሄዱ ሰውየውን ተራምደውት ያለፉም ነበሩ።

እና እኔ? ያን ጠዋት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። «አልቸኩልም» ያልኩት እውነቴን ነው። የሥራ ቀን የምሳ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ሰሌዳው 47 እስኪል ቀና ባልል አይገርመኝም። ክፉ ሆኜ አይደለም። ልጁን ሳላየው ስለምቀር ነው።

የእናቴን መድኃኒት ይዤ ስገባ ለምን እንደዘገየሁ ነገርኳት። ትመርቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ትኩሳቱስ? በረደለት?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ስልኳንስ? ደውለሽ እንዴት አደረ እንኳን አትይም?»

መድኃኒቷን ከእጄ ተቀብላ ጓዳ ገባች። እስከ ማታ በዚሁ ስትወቅሰኝ ዋለች።